በስሟ የተጠራች እናት

ኅዳር 10፣ 1975 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ይህ ደብተር የሰናይት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ ዕቅድ ናቸው። «ማካፈል፤ በጠጠር ማሳየት» ይላል በእጇ ጽሕፈት። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ዕቃዋን ከጎጀብ ሲያመጡት ከጫማዋ ሥር አገኘሁትና ለማንም ሳልናገር ወሰድኩት። እማዬ ብታገኘው ታቅፈው ትውላለች፤ አባቴ ቢያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። እኔ ልጻፍበት።

እህቴ ከሞተች ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወባ ነው። ጎጀብ በአስተማሪነት ከተመደበች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፈዱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፈድሊያ የሰናይት ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ እኛ ፈዱ ነው የምንላት።

«አሌ፣ ሰናይት መቼ ነው የምትመጣው?»

እማዬ ከኔ ቀድማ መለሰችላት። «ቅዳሜ።»

ነገ ቅዳሜ ነው።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። ምሳዋን እዚያው በላች። ሲመሽ እማዬ «የሚቀጥለው ቅዳሜ» አለቻት። ፈዱ «እሺ» አለች።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ፈዱ ለምን እናቷን «ሰናይት» እንደምትላት ላስረዳ። የማውቀውን ሰው ሁሉ ትቼ ለደብተር ማስረዳቴ ይገርማል።

ሰናይት ስትመደብ ፈዱ ዓመት ተኩሏ ነበር። ጎጀብ ለሕፃን አይሆንም ተባለና ለእማዬ ተተወች። ሰናይት ደመወዝ በወጣ ሳምንት ቅዳሜ መጥታ እሑድ ትመለሳለች። ስትመጣም ልጄ ብላ አትንሰፈሰፍም፤ በአባቴ ፊት ልጇን አቅፋ አትስምም፤ ነውር ነው። የምታጥባትም፣ የምታጎርሳትም፣ የምትቆጣትም እማዬ ናት። ፈዱ አፏን ስትፈታ የሰማችው የኔን አፍ ነው። እኔ «እማዬ» ስል ሰምታ «እማዬ» አለች፤ እኔ «ሰናይት» ስል ሰምታ «ሰናይት» አለች። በሰባት ዓመት ትበልጠኝ ስለነበር «እትዬ» ልላት ይገባ ነበር። እማዬ ስንቴ ተቆጥታኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ልጅ ሞልቷል። በኛ ሰፈር በጊንጆ ብቻ አራት አውቃለሁ። ማንም ክፉ ነገር ነው ብሎ አያውቅም።

ሰናይት አንድ ጊዜ «እማ» እንድትላት ልታስተምራት ሞክራ ነበር። ሰው ሳቀባት፤ ተወችው።

ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ ሽታዬ እማዬን ስታጽናና ሰማኋት። «እንኳንም አንቺን እማዬ ብላ አደገች፣ መንበረ። ልጅቷ እኮ እናቷን አላጣችም። እናቷ አንቺ ነሽ።»

እማዬ «እግዚአብሔር ያክብርሽ» አለቻት።

ኅዳር 16፣ ሐሙስ

ከሊል መጣ። የፈዱ አባት ነው፤ ከአጋሮ አዲስ አበባ ቡና የሚጭን ሹፌር። ሰናይትና እሱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሲፈራረሙ ከሁለቱም ቤት አጨብጭቦ የሸኛቸው አልነበረም። ሬሳዋን ከጎጀብ ያመጣው ግን እሱ ነው፤ በራሱ መኪና፣ በራሱ እጅ እየነዳ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ ነው የሚቀበለው።

አባቴ በረንዳው ላይ የቀበሌውን የአብዮት ጥበቃ ካኪ እየሰፋ ነበር። ከሊል ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል አስገባ። ፈዱ ጀርባው ላይ ወጣች፣ አንገቱን አነቀችው፣ ጆሮውን ጎተተችው። እሱ ግን አልነካትም። በአማቱ ፊት እንዴት ያቅፋታል? ጭንቅላቱን ብቻ ትንሽ ወደሷ አዘንብሎ ቆየ።

«ጋሼ፣ እናቴ ለአርባው ትመጣለች። ስለ ልጅቷም ያኔ እንነጋገራለን አለች።»

አባቴ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ይምጡ። ቤታቸው ነው።»

ከሊል ከሄደ በኋላ እማዬ ሽሮውን እያማሰለች «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው» አለች። አባቴ የትኛዋን ልጅ እንደሆነ አልጠየቃትም።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ

ተቸኩሏል። ትምህርት ቤታችን ለቡና ለቀማ ዘመቻ ነገ ይወጣል፤ ጎማ ወረዳ፣ የመንግሥት እርሻ፣ አሥር ቀን። ብርድ ልብስ፣ ሳሕን፣ ማንኪያ። እማዬ በሶ አሰረችልኝ። ፈዱ «አንተም እንደ ሰናይት ቅዳሜ ትመጣለህ?» አለችኝ። ብርድ ልብሴን ልጠቀልል ወጣሁ።

ኅዳር 24፣ ዓርብ፣ ጎማ

እጄ ሁሉ ተቧጥሯል። ቀዩን ብቻ ልቀሙ ይሉናል፤ ኃላፊው ዞር ሲል ሁሉም አረንጓዴውን ይጨምራል። የሚተኛው በመጋዘን፣ በጆንያ ላይ ነው። ከአጠገቤ ሆሴዕ አለ። ወላይታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ ወዲህ መዝሙሩን የሚዘምረው ቡና ሲለቅም፣ በአፍንጫው ብቻ ነው።

ስለ ፈዱ ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም።

ሆሴዕ ቅርጫቱን አስቀመጠ። «እኔም አያቴን እማ ብዬ ነው ያደግኩት። እናቴ አዋሳ ነበረች። እኔ ታላቅ እህቴ ትመስለኝ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ኳስ ስንጫወት አንዱ ተናዶ፣ 'ሂድ፣ እናትህን እንኳ የማታውቅ' አለኝ። መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ዓመት ሙሉ ማንንም በምንም አልጠራሁም። ውሃ ስፈልግ 'ውሃ' ብቻ እላለሁ።» ከዚያ ሳቀ። «ብዙ ውሃ ጠማኝ በዚያ ዓመት።»

ኅዳር 26፣ እሑድ

ፈቃድ ወሰድኩና በእግሬ አጋሮ ከሊል ቤት ሄድኩ። እሱ መንገድ ላይ ነው፤ እናቱ ግን ነበሩ። እሜቴ ባህሪያ አጭር ናቸው፤ ድምፃቸው ትልቅ ነው። «ኮቱ፣ ኢልመ ኮ፣ ና ልጄ፣ ግባ» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ቁስሌን ሲያዩ ቅቤ ቀቡኝ።

ግቢው በልጅ ተሞልቷል። ሰባት የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ሰባቱም እሳቸውን «ሀርሜ» ይሏቸዋል፤ እማዬ እንደማለት ነው። አንደኛው ወደቀ፤ «ሀርሜ!» አንዷ ራበኝ አለች፤ «ሀርሜ!» እኔ እዚያ ተቀምጬ ደስ አለኝ። ይኸው፣ እዚህም እንደኛው ነው አልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱ ምራቶቻቸው ከቡና መልቀሚያ ተመለሱ። በሩ ሳይዘጋ ሰባቱም ሮጡ፤ እያንዳንዱ ወደየእናቱ። እሜቴ ባህሪያ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ቅርም አላላቸው።

«ልጄ ታለቅሳለች?» አሉኝ። ፈዱን ነው።

«አታለቅስም።»

«አላህ ይዘንላት፣ እናቷ ሞታ እንዴት አታለቅስም?»

ዝም ብል ይሻል ነበር። «አልተነገራትም» አልኩ። ቀጠልኩና «እናቷ መሆኗንም አታውቅም» አልኩ።

ተነስተው ሳሕኔ ላይ ወጥ ጨመሩልኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ሳሕኑን ያዩ ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

ቤት ገባሁ። ለእማዬ አጋሮ መሄዴን ነገርኳት፤ የሆሴዕንም ነገርኳት። እንንገራት አልኩ።

«አንተ ነህ የምትነግራት?»

«እኔ…»

«ምን ብለህ? እኔ አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ። ይቺኛዋም እንድታለቅስ ነው የምትፈልገው? ይኸው ትስቃለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ምን ጎደላት?»

«ሰናይትስ?» አልኩ።

እጇ ላይ የነበረውን ልብስ ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው። «ውጣ ከፊቴ። ሄደህ ለሰው የቤትህን ገመና አውርተሃል። አሁን መጥተው ቢወስዷት ያንተ ሥራ ነው።»

እውነቷን ነው። ያንን አፌን ምነው በዘጋሁት።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ፈዱ በር ላይ አልተቀመጠችም አሉኝ። መጠየቅም ትታለች። እማዬ ይህን ሁለት ጊዜ ነገረችን፤ እያየህ ነው፣ እየረሳች ነው፣ እያለች። የተደሰተች መስላለች፤ ከዚያ ጓሮ ሄደች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ትናንት አርባዋ ነበር። ሁሉንም ልጻፈው።

ድንኳኑን እድሩ ተከለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ሙክት ይታረዳል፤ አንዱን ክርስቲያን፣ አንዱን ሙስሊም ያርዳል፤ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ ወጥ ቤቱም ለየብቻ ነው። የገና ጾም ስለሆነ ግን ሽሮና ምስር፣ ዘይት ብቻ። ስለዚህ ሁሉም ከአንድ ድስት በላ። እትዬ ሽታዬ «ሰናይት አውቃ ነው በጾም ያደረገችው፣ ድስት ማጠብ አትወድም ነበር» ብላ ሰውን አሳቀች። እማዬ እንኳ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

እሜቴ ባህሪያ ከሊልን አስከትለው መጡ። ፈዱ እየሮጠች ወደሳቸው ሄደች። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧትና ፀጉሯን እየዳሰሱ ቀስ ብለው ጠየቋት፤

«ሃቲ ኬ ኤሳ?»

ፈዱ ኦሮምኛ ትሰማለች። እናትሽ የት አለች ተብላ መጠየቋን አውቃ እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ እማዬ ጠቆመች። እማዬ ሳሕን ይዛ ነበር። እሜቴ ባህሪያ የልጅቷን እጅ ቀስ ብለው አጥፈው መልሰው ጉልበቷ ላይ አኖሩት።

እንግዳው ሲሄድ ቤት ውስጥ አምስታችን ቀረን። ፈዱ እትዬ ሽታዬ ጋ ናት።

«እትዬ መንበረ» አሉ እሜቴ ባህሪያ፤ «ልጅቷን ልወስድ ነበር የመጣሁት። አሁን ግን ፈራሁ።»

«ምን ያስፈራዎታል? በደንብ ነው የያዝኳት።»

«በደንብማ ይዘዋታል። ዋላሂ፣ ከኔ ቤት ትሻላለች። የኔም የልጅ ልጆች ሀርሜ ነው የሚሉኝ። ቅር አይለኝም። እናቶቻቸው ሲመጡ ይነጥቁኛል። ይቺን ግን ማን ይነጥቅዎታል?»

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሜቴ ባህሪያ ቀጠሉ፤

«ከጥምቀት በኋላ ከሊልን እልካለሁ። እስከዚያ ከነገሯት እዚሁ ትደግ፤ ክረምት ክረምት ወደኔ ትመጣለች። ካልነገሯት ግን እኔው ወስጄ እነግራታለሁ።»

እማዬ ወደ አባቴ ዞረች። «ትሰማለህ፣ ከፈለ? በቤቴ!»

አባቴ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የሰናይትን ስም በአፉ አልጠራም ነበር። ወለሉን እያየ «ሰናይት ልጅ የላትም እንዴ?» አለ። ከሊል ተነስቶ ወደ መኪናው ወጣ።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

እማዬ ከአባቴም፣ ከኔም ጋር አትነጋገርም። ምግብ ታቀርባለች፣ ዞር ትላለች። ፈዱን አዝላ ነው የምትውለው፤ ሦስት ዓመት ተኩል የሞላት ልጅ።

የፖለቲካ ትምህርት ፈተና። ሃያ ጥያቄ። አሥሩን አላነበብኩትም።

ታኅሣሥ 22፣ ዓርብ

እማዬ አባቴን «ብትነግራት አንተ ንገራት» ስትለው ሰማሁ። «እኔ ወንድ ነኝ፣ ምን ብዬ?» አላት። እሷም «ሰናይትን ስንወልድስ ወንድ አልነበርክም?» አለችው። «የወለድሽው አንቺ ነሽ፤ እኔን ወለድክ አትበዪኝ» አላት። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ከሳቁ ከወር በላይ ሆኗቸው ነበር።

እኔም ልነግራት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ «ፈዱ፣ ሰናይት እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። «ሰናይት እኮ ምን?» አለች። «ታምር ነበር» አልኩ። «አውቃለሁ» አለችኝ።

ታኅሣሥ 30፣ ቅዳሜ

ትናንት ገና ነበር። በቤታችን በዓል አልተባለም።

«ሰው ሳቀባት» ብዬ የጻፍኩትን ዛሬ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ።

ባለፈው ነሐሴ ነው። ሰናይት ፈዱን ከጓሮው ሙዝ ሥር ወስዳ፣ ቁጢጥ ብላ ታንሾካሹክላት ነበር። «እማ በዪኝ። እስቲ አንዴ ብቻ፤ እማ።» ፈዱ «ሰናይት» ትላታለች። «አይ፣ እማ።» «ሰናይት።» እኔ ውሃ ይዤ ሳልፍ ሰማኋቸው። ባልዲውን አስቀምጬ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኬ ተጣራሁ፤ «እማዬ፣ ነዪ እዪ! ሰናይት ልጇን እየለመነች ነው!» እማዬ ከወጥ ቤት ወጣች። ሰናይትም አብራን ሳቀች። ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ በኋላ ስትሞክር አላየኋትም። ሁለት ወር ነበር የቀራት።

ዛሬ ለእማዬ ይህን ነገርኳት። እንደምትመታኝ ጠብቄ ነበር፤ ደግሞም ፈልጌ ነበር።

ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ አላቆመችም። «አንተ ሕፃን ነህ» አለች። «ስትጠራኝ ሮጬ የወጣሁት ለሳቅ መሰለህ? ልጅቷ ብላት እንደሆነ ለማየት ነው። አለማለቷን ሳይ ደስ አለኝ። ልጄ ፊቷ ጠቁሮ፣ እኔ ደስ አለኝ። ሳቋ የውሸት እንደሆነ አውቄ ወደ ድስቴ ተመለስኩ።»

ከዚያ «ሽንኩርቱ ነው» አለች። አዎ ሽንኩርቱ ነው አልኳት። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ላጥኩ።

ጥር 6፣ ዓርብ

ጥምቀት አምስት ቀን ቀረው። አልነገረቻትም። የፈዱን ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ አንድ ቦታ ላይ አኑራለች። ልትሰጣት ነው? ልጠይቃት ፈራሁ።

ጥር 12፣ ሐሙስ

ነገረቻት።

ጓሮ ፈዱን በርጩማ ላይ አስቀምጣ እግሯን በሳፋ ታጥባት ነበር። እኔ መስኮቱ ሥር ፊዚክስ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሳይረሳኝ ቃል በቃል ልጻፈው።

«ፈዱ፣ ሰናይት የማን እናት ናት?»

«የማንም።»

«ያንቺ ናት። ከሷ ሆድ ነው የወጣሽው።»

«አንቺስ?»

«እኔ የሰናይት እናት ነኝ።»

ፈዱ አንድ እግሯን ከውሃው አወጣች። «ሰናይት ሕፃን ነበረች?»

«ነበረች። እሷንም እንዲህ አጥባት ነበር።»

«ታለቅስ ነበር?»

«ሳሙናው ዓይኗ ሲገባ።»

ፈዱ እግሯን ወደ ውሃው መለሰች። «ቅዳሜ ስትመጣ እጠይቃታለሁ።»

«አትመጣም፣ እናቴ። ሞታለች። ታማ ሞተች። ትመጣለች እያልኩ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። «አሌ ያውቃል?» አለች።

«ያውቃል።»

«ከሊልስ?»

«ያውቃል።»

«እትዬ ሽታዬስ?»

«ሁሉም ያውቃል።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሰናይት ስለሞተች ይሁን፣ ሁላችን አውቀን እሷ ብቻ ስላላወቀች ይሁን አላውቅም። እማዬ እርጥብ እግሯን በቀሚሷ ጠቅልላ ይዛት ተቀመጠች። የአባቴ የስፌት መኪና ቆመ፤ ለረጅም ጊዜም አልጀመረም።

ጥር 14፣ ቅዳሜ

ትናንት ጠዋት ፈዱ ከእንቅልፏ ተነስታ በሩ ላይ ቆመችና «መንበረ፣ ራበኝ» አለች።

ሁላችንም ደነገጥን። እማዬን በባዶ ስሟ የሚጠራት ከእትዬ ሽታዬ በቀር የለም፤ አባቴ እንኳ «አንቺ» ነው የሚላት። «ምን አልሽ?» አልኳት። ፈዱ ለሞኝ እንደሚያስረዳ ሰው በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። «እማዬ ሰናይት ናት። ሰናይት ሞታለች። ይቺ መንበረ ናት።» ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋለች። መንበረ፣ ውሃ። መንበረ፣ ዶሮዋ ገባች።

ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ከሊል መጣ። የታጠፈው ልብስ በረንዳው ላይ ነበር፤ አየው፤ ዓይኑን ከሱ ላይ ማንሳት አልቻለም። ገና ሳይቀመጥ ከውስጥ «መንበረ! ጫማዬ የታለ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ከሊል ፊቱ ተለወጠ። «ፈድሊያ! ነውር ነው! አያትሽ ናቸው፤ እማማ በያቸው!»

«ተዋት፣ ከሊል» አለች እማዬ። «ስሜ ነው።»

ፈዱ አንድ ጫማ አድርጋ ወጣች። ከሊል ቁጢጥ አለና «እማሽስ ማን ናት?» አላት፤ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ሰናይት። ሞታለች። አንተም ታውቃለህ አሉኝ፤ ለምን አልነገርከኝም?»

አባቴ ካኪውን ይዞ ከወንበሩ ተነሳ፤ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ወደ ውስጥ ገባና በሩን ገፋው። ያኔ ከሊል ልጁን አነሳት። አንገቷ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ ብዙ ቆየ፤ እሷም ባዶ እግሯን እያወዛወዘች ጠበቀችው።

ልብሱን አልጫነም። ለእናቱ ምን እንደሚላቸው እማዬን ጠየቃት። «ክረምት ሲገባ እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ በላቸው» አለችው። «እነዚያን ሰባቱንም ማየት እፈልጋለሁ።»

መኪናው ከሄደ በኋላ እማዬ የታጠፈውን ልብስ አንስታ ወደ ውስጥ ስትገባ ሁለተኛው ጫማ አሁንም አልተገኘም ነበር።

«መንበረ!»

«አቤት» አለች እማዬ።